«ጠባዩ ተበላሽቷል» የተባለውን ድመታችንን ላከመችልን ሐኪም ምስጋና

የእንስሳት ሐኪማችንን በአደባባይ ማመስገን ፈልጌ ነው። ድንገት ተናካሽ የሆነ ድመት ወይም ውሻ ላላችሁም ጥቆማ ይሁናችሁ።

ነብሮ ሽማግሌ ድመት ነው። ያ ለማዳ ፍጡር ሲያቅፉት መንከስ ጀመረ። ከአሸዋ ሳጥኑ ውጭም ይሸናል። መጀመሪያ ያየው ሐኪም ማጅራቱን ጨምድዶ ይዞ መረመረውና «ጠባዩ ነው» ብሎ ሸኘን።

የአሁኗ ዶክተራችን ግን እጇን ሳታሳርፍበት በፊት ጠየቀች። ሶፋ ላይ የሚወጣው በአንድ ዝላይ ነው ወይስ እየቧጠጠ? የሚናከሰው የቱ ጋ ሲነካ ነው? ጀርባውን አሁንም ይልሳል? ቤት ውስጥ ሲራመድና ሲዘል በስልክ ቀርጸን እንድናመጣም ነገረችን። ድመት ክሊኒክ ሲገባ ከፍርሃት የተነሳ ኩርምት ስለሚል፣ አረማመዱን እዚያ ማየት ከባድ ነው።

ስትመረምረው ከመያዣው ጎትታ አላወጣችውም። ክዳኑን ብቻ አነሳች። ነብሮ እዚያው ፎጣ ለብሶ እንደተቀመጠ ዳሰሰችው፤ ያመዋል ብላ የጠረጠረችውን ቦታ መጨረሻ ላይ ነካች። አልነከሳትም! እኔን እንኳ የማይምረኝ ድመት።

ሽንቱን አስመረመረች፤ ደህና ነው። (ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው ግን ነገ አትበሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።) የደም ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ እኔ ደነገጥኩ። እሷ ግን ለመደምደም አልቸኮለችም። ድመት ሲፈራ ስኳሩ እንደሚጨምር አስረድታን፣ ያለፉትን ጥቂት ሳምንታት አማካይ የሚያሳየውን የፍሩክቶሳሚን ምርመራ አዘዘች። ስኳር የለበትም። እዚህ ላይ ነው በጣም ያከበርኳት። የእንስሳውን ስሜት የማያይ ሐኪም፣ ፍርሃት ያመጣውን ቁጥር በሽታ ብሎ ሊያክመው ይችላል።

ራጁ መልሱን ሰጠን። ሁለቱም የዳሌ መገጣጠሚያዎቹ ተጎድተዋል፣ አርትራይተስ ነው። የአሸዋ ሳጥኑ ግድግዳ ከፍ ያለ ስለሆነ መሻገሩ ያመዋል። ስናቅፈው ደግሞ የምንይዘው ልክ እዚያው የሚያመው ቦታ ላይ ነበር።

ማስታገሻ አዘዘችለት፣ ሳጥኑን ዝቅ ባለ ቀየርን፣ ሶፋው ሥር መወጣጫ አደረግን። አሁን ሳጥኑን ይጠቀማል። መናከሱም ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ሲያኮርፍ አልፎ አልፎ አለ። ማስታገሻ ስል ግን የሰው መድኃኒት አይደለም፤ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።

እውነቱን ለመናገር ወረፋዋ ይሰለቻል። አንዱን ታካሚ ሳትጨርስ ሌላውን አታስገባም፣ ስልክ ለማንሳትም ሰነፍ ናት። ቢሆንም ሂዱ። አድራሻዋን ለፈለገ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።

ዶክተርዬ፣ እግዜር ይስጥልን።