በጭራው የተቀመጠ አውሮፕላኔን በእግሩ ላቆሙልኝ ባለሱቅ

ሁለት ወር ሙሉ መደርደሪያዬ ላይ አፍንጫውን ወደ ጣሪያ ቀስሮ በጭራው የተቀመጠ፣ ከፕላስቲክ ክፍሎች ገጣጥሜ የሠራሁት የቢ-25 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞዴል ነበረኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። መመሪያው ከፊት በኩል ክብደት እንዳስገባ በሥዕል ጭምር አሳይቶኝ ነበር፤ እኔ ግን ቸኩዬ ገላውን ዘጋሁት። ይህን የምጽፈው ያንን አውሮፕላን በሦስቱም ጎማዎቹ ያቆሙልኝን የሞዴል መደብር ባለቤት ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይወዱምና አልጠራቸውም፤ መደብሩን ማወቅ የሚፈልግ ለብቻው ይጠይቀኝ።

የእውነተኛው ቢ-25 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20.6 ሜትር ነው። በ1:48 መጠን፣ ማለትም 48 ጊዜ አንሶ ሲሠራ 43 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን የጫማ ካርቶን አልበቃውም፤ በኮምፒውተር ካርቶን ታቅፌው ገባሁ። አፍሬም ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አገላብጠው አዩትና «ሞተሮቹን አጣብቀሃቸዋል?» አሉኝ። አላጣበቅኳቸውም። «እንግዲያው ተርፏል» አሉ።

ቢ-25 ለዚህ ችግር የታወቀ ነው። አፍንጫው መስታወት በመሆኑ ክብደት ቢያስገቡበት ከውጭ ይታያል። ባለሱቁ ሞዴሉን በዋና ጎማዎቹ አቆሙና ትናንሽ የእርሳስ ድብልብሎችን በፕላስተር እየጠቀለሉ አፍንጫው ላይ አንድ በአንድ መለጠፍ ጀመሩ። ስምንተኛው ላይ የፊት ጎማው ቀስ ብሎ ወርዶ ጠረጴዛውን ነካ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሁሉንም አነሷቸው። «ይህ አፍንጫው ላይ ሲሆን የሚበቃው ነው። ሞተሮቹ ለጎማው ይቀርባሉ፤ እዚያ ከሆነ ከዚህ ብዙ ይፈልጋል» ብለው በሁለቱም የሞተር ማቀፊያዎች ውስጥ እርሳሱን እየጨመሩ ሚዛኑን እንደገና ፈተኑት። ማጣበቂያውም ሱፐር ግሉ እንዳይሆን አስጠነቀቁኝ፤ ትነቱ በአቅራቢያው ያለውን መስታወት ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ሰጡኝ። አዲስ ሞዴል ግዛ ይሉኛል ብዬ ሄጄ አንድ ከረጢት እርሳስና አንድ ኢፖክሲ ይዤ ተመለስኩ።

አሁን ኑዛዜ። ለዓመታት በእኚህ ሰው ሱቅ ያልተገጣጠሙ ሞዴሎች የያዙ ሳጥኖችን እየከፈትኩ የክፍሎቹን ጥራት ካየሁ በኋላ ቤቴ ገብቼ ከሩቅ ሻጭ በርካሽ አዝዣለሁ። ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ፈገግ ብለው፣ «ማየት በነጻ ነው፤ መብራቱ ግን ይቆጥራል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው የሱቁን ሒሳብ ማሰብ የጀመርኩት። ትልቅ ሳጥን መደርደሪያ ላይ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ ገንዘባቸው እዚያ ውስጥ ተቆልፏል ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው ቀለም፣ ቲነር፣ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ስቱኮ ነው። እኔም ብሆን አንድ ሞዴል ለመጨረስ ወራት ይፈጅብኛል፤ ቀለም ግን በየጊዜው ያልቅብኛል። ስለዚህ እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች ከእሳቸው ብቻ እገዛለሁ። ተቀጣጣይ ቀለምና ቲነር በአውሮፕላን ፖስታ ማስላክም ጣጣው ብዙ ነው።

ሱቃቸው የሌለውን ሳጥን ያስመጣሉ። ስታዝዙ ግን ቀብድ ክፈሉ፤ ሲመጣም ውሰዱ። አዝዞ የጠፋ ሰው ሳጥን ለብቻው አንድ መደርደሪያ ይዞባቸዋል፤ ከላዩም «ይመጣል» የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል።

ለታንክ ወዳጆችም ጨዋታ አያጡም። 1:35 የሚባለው እንግዳ መጠን ከየት እንደመጣ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ ባለሞተር የፓንተር ታንክ ሲሠራ ሞተሩና ባትሪው እንዲገቡለት አስፍቶ ሠራው፣ ኋላ ሲለካ 1:35 ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ሳጥን ገዢ ይህን ሲያወሩ ሌላው ደንበኛ ተራ ይጠብቃል። ችኩል ከሆናችሁ ይህ ሱቅ አይሆናችሁም፤ ጉድለታቸው ይህ ነው ብዬ አስቤ ነበር፣ አሁን ግን ሆን ብዬ ሰው ሲበዛ እሄዳለሁ።

ራቅ ብላችሁ የምትኖሩና የእኔ ጥቆማ የማይጠቅማችሁ፣ በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን የሞዴል ሠሪዎችን ማኅበር ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1963 በብሪታንያ የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው፤ አባላቱ የትኛው ሱቅ ምን እንደሚይዝ በቃላቸው ያውቁታል። የአሻንጉሊት ባቡርና በሪሞት የሚነዱ መኪናዎች የሚሸጥባቸውን ቤቶችም አትለፏቸው፤ የጓዳ መደርደሪያቸው ላይ የተረሳ የአውሮፕላን ሳጥን አይጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በአንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ከታመመ በሩ ይዘጋል።

የእኔው ባለሱቅ ከቀትር በኋላ ይገኛሉ። ያበላሻችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞተሩን ግን አታጣብቁት።