የእንግሊዝ ፓርላማ የቢዝነስና ንግድ ኮሚቴ፦ ለጥያቄ ስል፣ ለትእዛዝ ዶልዷማ

የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት የቢዝነስና ንግድ ኮሚቴ ክፍያ የማይጠየቅበት አገልግሎት ነው። ስብሰባውን በፓርላማው የቀጥታ ሥርጭት ማየት ይቻላል። ለንደን ያለ ሰው ደግሞ ፍተሻውን አልፎ ዌስትሚኒስተር ይገባና ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ይከታተላል። የተባለው ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል። በአቀራረቡ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ኮሚቴው በደንቡ የተሰጠው ሥራ የቢዝነስና ንግድ ሚኒስቴርን ወጪ፣ አስተዳደርና ፖሊሲ መመርመር ነው። ስሙ የተጠራው ግን ሚኒስቴሩን በማስጨነቅ ሳይሆን የኩባንያ አለቆችን በማፋጠጥ ነው። ከዚህ አገልግሎት ምን እንደሚጠበቅና ምን እንደማይጠበቅ ለማወቅ ይህን መለየት ግድ ነው።

አደረጃጀቱ የ1979 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ለየሚኒስቴሩ አንድ መርማሪ ኮሚቴ እንዲኖር ተወሰነ። ይኸኛው 11 አባላት አሉት፤ ሦስት ከተገኙ ስብሰባው ይጀመራል። እስከ 2010 ድረስ አባላቱን የሚመለምሉት የፓርቲ ተጠሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢውን የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ በምስጢር ድምፅ ይመርጡታል፤ ሌሎቹን ደግሞ የየራሳቸው ፓርቲ ይመርጣቸዋል። ለውጡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰብሳቢው የገዥው ፓርቲ ሰው ቢሆንም ወንበሩን የሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስላልሆነ የገዛ ፓርቲውን ሚኒስትር ፊት ለፊት መጠየቅ አያስፈራውም። ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ በሰብሳቢነት በድጋሚ የተመረጡት የገዥው የሌበር ፓርቲ ሰው ሊያም በርን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

የቆየ መዝገብ ፈላጊ አንድ ነገር ይወቅ፤ ይህ ሚኒስቴር ስሙን እንደ ልብስ ይቀያይራል። እስከ 2007 የንግድና ኢንዱስትሪ ነበር። ከ2009 የቢዝነስ፣ ፈጠራና ክህሎት፣ ከ2016 የቢዝነስ፣ ኢነርጂና የኢንዱስትሪ ስትራቴጂ፣ ከፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ የቢዝነስና ንግድ ሆነ። ኮሚቴውም አብሮ ስሙን ይለውጣል፤ ድረ ገጹ ላይ የየዘመኑ ሰነድ በየስሙ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። የ2016ቱን የስፖርትስ ዳይሬክት (የስፖርት ልብስ ሻጭ ኩባንያ) ምርመራ በዛሬው ስም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ኮሚቴው የሚያምርበት ቦታ እዚያ ምርመራ ላይ ይታያል። የኩባንያው ባለቤት ማይክ አሽሊ አልመጣም ብለው ለወራት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ጁን 2016 ቀረቡ። ከመጋዘኑ የሚወጡ ሠራተኞች ለፍተሻ ይሰለፉ ነበር፤ ያ ጊዜ ስላልተከፈላቸው ደመወዛቸው ከሕጋዊው ዝቅተኛ መጠን በታች እንደወረደ አሽሊ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው አመኑ። አንድ ደቂቃ ያረፈደ የ15 ደቂቃ ደመወዝ ይቆረጥበት እንደነበረም ወጣ። ከዚያ በኋላ ውዝፍ ደመወዝ ተከፈለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የኮሚቴው አባላት መጋዘኑን ሊጎበኙ ሄደው ለብቻቸው በሚመካከሩበት ክፍል ውስጥ የተደበቀ መቅረጫ አገኙ። ተመርማሪው መርማሪውን ሲሰልል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጥያቄና መልስ የሚሠራው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው። ሰነዱ ቀድሞ ኮሚቴው እጅ መግባት አለበት፤ የሚመጣው ሰው ራሱ ወሳኝ መሆን አለበት፤ ጥያቄውም «አዎ ወይም አይደለም» የሚያስብል መሆን አለበት። የመርከብ ማመላለሻ ኩባንያው ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ ማርች 2022 ላይ 786 መርከበኞችን በድንገት ሲያሰናብት ይህ ኮሚቴና የትራንስፖርት ኮሚቴ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁን አብረው ጠሩ። ፒተር ሄብልትዌይት ሕጉ የሚያዘውን ከማኅበራት ጋር የመመካከር ግዴታ አውቀው እንደተዉት በግልጽ ተናገሩ። በሜይ 2024 ተመልሰው ሲመጡ፣ ዝቅተኛ ተከፋዮቹ መርከበኞች በሰዓት 4.87 ፓውንድ ገደማ እንደሚያገኙ ተናግረው፣ እርስዎ በዚህ መኖር ይችላሉ ወይ ሲባሉ አልችልም አሉ። የራሳቸው ዓመታዊ ክፍያ ጉርሻውን ጨምሮ 508,000 ፓውንድ መሆኑም እዚያው ተነገረ። በሕግ በኩል ግን ኦገስት 2022 ላይ የወንጀል ክስ እንደማይመሠረት ተወስኖ ነበር። ኮሚቴው እውነቱን ማስነገር ይችላል፤ መቅጣት የእሱ ሥራ አይደለም።

አንዳንዴ መልስ አለማግኘትም ውጤት ይሆናል። ጃንዩወሪ 2025 ላይ በኢንተርኔት ልብስ የሚሸጠው የሺኢን ጠበቃ፣ ድርጅቱ በሚሸጠው ልብስ ውስጥ የቻይና ጥጥ አለ ወይ ተብለው ደጋግመው ተጠየቁ፤ ሾላ በድፍን ሆነው ቆዩ። ድርጅቱ ያኔ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ለመግባት እየተዘጋጀ ነበር። ያ ዝምታ በቪዲዮ ተቀርጾ መዝገብ ሆነ፤ ሰብሳቢውም ድርጅቱ ዕቃውን በሚያመጣበት መንገድ ላይ ኮሚቴው እምነት የሚባል እንዳላደረበት እዚያው ተናገሩ። ለባለሀብቶች ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይልቅ ያ ቪዲዮ ይናገራል።

የጥሪ ሥልጣኑ ግን ከስሙ ያነሰ ነው። ሰው፣ ወረቀትና መዝገብ የማስቀረብ መብት አለው ይባላል። እምቢ ያለ ሰው ግን ምክር ቤቱን እንደናቀ ከመቆጠር በላይ የሚደርስበት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ምክር ቤቱ ሰውን በገንዘብ የቀጣው ለመጨረሻ ጊዜ በ1666 ነው። የብሬግዚት ዘመቻ መሪ የነበሩት ዶሚኒክ ከሚንግስ በሌላ ኮሚቴ ተጠርተው አልቀርብም በማለታቸው ኤፕሪል 2019 ላይ ተገሠጹ፤ በዚያው ክረምት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ሆኑ። የምክር ቤት አባላትንና ሚኒስትሮችን ማስገደድ ጭራሽ አይቻልም፤ የሚመጡት በልማድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሲቀርብም በመንግሥት መመሪያ መሠረት የሚናገረው ሚኒስትሩን ወክሎ ነው። ስለዚህ «ለሚኒስትሩ ምን ብለው መከሯቸው?» የሚል ጥያቄ ከመጀመሪያው የሞተ ጥያቄ ነው። ልምድ ያለው አባል «ውሳኔው በምን ቀን፣ በየትኛው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ተሰጠ?» ብሎ ይጠይቃል።

የፖስታ ቤቱ ጉዳይ የኮሚቴውን ሁለቱንም ገጽ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ሆራይዘን የተባለው የፉጂትሱ የሒሳብ ሶፍትዌር ባሳየው የሌለ ጉድለት ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ወኪሎች ተፈረደባቸው፤ ከ700 በላዩን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር። በፍርድ ቤት ተሟግተው ያሸነፉት 555 ሰዎች በ2019 በ57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማሙ፤ የጠበቃና የሙግት ወጪ ከተነሣ በኋላ ግን የተረፋቸው 12 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ኋላ የወጣው የካሳ ፕሮግራም ደግሞ «እናንተ አስቀድማችሁ ተስማምታችኋል» ብሎ ከውጭ አስቀራቸው። ኮሚቴው ፌብሩዋሪ 2022 ባወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት ይህን እንደ ግፍ አነሣው፤ ከአንድ ወር በኋላ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች አዲስ ካሳ እንደሚከፍል አስታወቀ። ብቻውን ያመጣው ለውጥ ነው ማለት ባይቻልም፣ ከሪፖርት ወደ ውሳኔ እንዲህ ያለ አጭር መንገድ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ጃንዩወሪ 2024 ላይ ይህን ታሪክ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ድራማ አገሩን ካናወጠ በኋላ ኮሚቴው የፉጂትሱን የአውሮፓ ኃላፊ ፖል ፓተርሰንን ጠራ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ለካሳው የማዋጣት የሞራል ግዴታ አለብን አሉ፤ መጠኑን ግን በዳኛ የሚመራው የጉዳዩ ይፋዊ ምርመራ ሲያልቅ ብለው አቆዩት። በሜይ 2024 ፍርዶቹን በአንድ ጊዜ የሚሽር ሕግ ወጣ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ችግሩ የመጣው ካሳ ከፋዩ ሚኒስቴሩ ሲሆን ነው። ኮሚቴው ጃንዩወሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት ሁለት ነገር አጥብቆ ጠየቀ፦ ለያንዳንዱ የካሳ ደረጃ በሕግ የታሰረ የጊዜ ገደብ ይኑር፤ ገደቡ ሲያልፍ ደግሞ መቀጫ ይከፈል። መንግሥት ሐሳቡን አልተቀበለም። ፉጂትሱን በአንድ ስብሰባ ያናዘዘ ኮሚቴ የገዛ ሚኒስቴሩን በቀን መቁጠሪያ ማሰር አልቻለም።

ድክመቱ እዚህ ነው፤ ምክንያቱም መካኒካዊ ነው። መንግሥት ለሪፖርት በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ማዘግየት ግን ምንም አያስከፍልም። መልሱ ሲመጣ ሦስት ዓይነት ነው፦ ተቀብለናል፣ አልተቀበልንም፣ እና ሦስተኛው «ሐሳቡን እያጤንነው ነው» የሚለው። ሦስተኛውን እኛ «በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል» ብለን እናውቀዋለን። የግንባታ ኩባንያው ካሪሊየን ጃንዩወሪ 2018 ላይ ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ ይዞ፣ በካዝናው 29 ሚሊዮን ብቻ ቀርቶት ሲወድቅ ይህኛውን ጨምሮ ሁለት ኮሚቴዎች በሜይ ባወጡት ሪፖርት የኦዲት ድርጅቶችን ክፉኛ ወቀሱ፤ የኦዲት ሥርዓቱ እንዲለወጥም ጠየቁ። ጁላይ 2024 ላይ መንግሥት የሕግ ዕቅዱን የሚያሳውቅበት የንጉሡ ንግግር አሁንም ስለ ሕጉ ረቂቅ ነበር የሚያወራው። ስድስት ዓመት ማለት ነው።

ሹመትም እንደዚሁ ነው። ለአንዳንድ ተቋማት የሚታጭ ሰው አስቀድሞ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል፤ የኮሚቴው አስተያየት ግን አያስገድድም። በ2012 ኮሚቴው ሌስ ኤብደን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፍትሐዊነት ኃላፊነት እንዳይሾሙ መከረ፤ ሚኒስትሩ ቪንስ ኬብል ሾሟቸው።

የንግድ ስምምነት ላይ ደግሞ ሕጉ ራሱ ቀዳዳ ነው። በ2010ሩ ሕግ መሠረት ስምምነቱ ለምክር ቤቱ ከቀረበ በኋላ 21 የስብሰባ ቀናት ይቆጠራሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምክር ቤቱ ካልተቃወመ መንግሥት ያጸድቀዋል፤ ድምፅ እንዲሰጥበት የሚያስገድድ ነገር የለም። የአውስትራሊያው ስምምነት በ2022 በዚህ መንገድ አለፈ፤ ያኔ የነበረው የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚቴ በቂ ክርክር ሳይደረግ ቀኑ አለቀ ብሎ ተቆጣ። ድርድሩ ሲካሄድ የካቢኔ አባል የነበሩት ጆርጅ ዩስቲስ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በኖቬምበር ተነሥተው ስምምነቱ ለአገሪቱ ጥሩ አይደለም ብለው ተናገሩ። ያ ኮሚቴ በ2023 ፈርሶ ሥራው በዚህኛው ላይ ተደረበ። በ2024 መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ኤክስፖርት ፈቃድ ክትትልም ተጨመረበት። ያው 11 ሰው ፖስታ ቤቱን፣ ብረቱን፣ የሠራተኛ መብቱን፣ የሕንዱን ስምምነትና በሴፕቴምበር 2024 ከ350 ገደማ ፈቃዶች 30 ያህሉ የታገዱበትን የእስራኤል ጉዳይ ያያል። ጥልቀት ከየት ይመጣል?

ገንዘብን መከታተል የሚፈልግ አንባቢ ሌላ በር ያንኳኳ። በኮቪድ ጊዜ እስከ 50,000 ፓውንድ የሚሰጠው የባውንስ ባክ ብድር ወደ 47 ቢሊዮን ደርሶ ነበር፤ ዋስትናው መቶ በመቶ የመንግሥት፣ የገቢ መረጃውም ተበዳሪው ራሱ የሞላው። የብሪቲሽ ቢዝነስ ባንክ ኃላፊ ገና ከመነሻው የማጭበርበር ሥጋቱን በጽሑፍ አስቀምጠው ነበር። ጉዳዩን በቁጥር የበረበረው ዋናው ኦዲተርና ከእሱ ጋር የሚሠራው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ነው። የቢዝነስ ኮሚቴው ከኋላው የኦዲተር ሠራዊት የለውም።

አገልግሎቱን መጠቀም ለሚፈልግ፣ በተለይ ከኢትዮጵያ ዕቃ አስገብቶ ለሚነግድ ሰው፣ መንገዱ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ከጁን 2023 ጀምሮ በእንግሊዝ የታዳጊ አገሮች የንግድ ፕሮግራም ውስጥ ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉን ያለ ቀረጥ የምታስገባ አገር ናት፤ ለብዙ ልብስ መደበኛው ቀረጥ 12 በመቶ ነው። አሜሪካ በአጎዋ ያለውን በር በ2022 ከዘጋች ወዲህ ይህ በር ተፈላጊነቱ ጨምሯል። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ይኸው ሚኒስቴር ስለሆነ፣ የምንጭ አገር ማረጋገጫ ላይ የሚያጋጥም መሰናክል ለኮሚቴው የሚገባ ጉዳይ ነው። ኮሚቴው ማስረጃ አቅርቡ የሚል ጥሪ ሲያወጣ፣ አቅራቢው ሰነዱን ድረ ገጹ ላይ ይሰቅላል። ከ3,000 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል፤ አንቀጾቹ በቁጥር ይሁኑ፤ መጀመሪያ ላይ አጭር ማጠቃለያ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት እርምጃ ይቀመጥ። ቀድሞ ሌላ ቦታ የታተመ ጽሑፍ አይቀበሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ለጋዜጣ የጻፈውን ይልካል ወይም ልኮ ሳይቆይ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ኮሚቴው ከተቀበለው በኋላ ሰነዱ የእሱ ነው፤ ይፋ የሚያደርገውም እሱ ነው፤ በማስረጃነት የቀረበ ጽሑፍ በስም ማጥፋት አያስከስስም። ስም እንዲደበቅ ከተፈለገ ሲላክ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከወጣ በኋላ መመለስ የለም።

ሌላው ስሕተት የግል አቤቱታ መላክ ነው። ጉምሩክ የያዘብኝን ኮንቴይነር አስለቅቁልኝ የሚል ደብዳቤ አይታይም፤ ፍርድ ቤት የያዘው ጉዳይም እንደዚያው። ለኮንቴይነሩ የአካባቢ የምክር ቤት ተወካይ ጋ መሄድ ይሻላል። ለኮሚቴው የሚላከው ስንት ቀን እንደተያዘ፣ የትኛው ወረቀት እንደተጠየቀና ያ ወረቀት ለምን ከአዲስ አበባ በሰዓቱ እንደማይገኝ የሚያስረዳ ነው።