ለጋቢና የገዛሁት የኪስ ውዳሴ ማርያም

የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ፤ ተሳቢ ነው የምነዳው። ስለዚህ ይህን አስተያየት ሥዕል ቤቱ ተቀምጦ፣ ጧፍ አብርቶ የሚጸልይ ሰው እንደጻፈው አድርጋችሁ አታንብቡት። የኔ መጽሐፍ የሚኖረው ጋቢና ውስጥ ነው። አቧራ፣ ናፍጣ፣ ላብ ሁሉ ይነካዋል። አዋሽን ካለፉ በኋላ ያለውን ሙቀት ደግሞ የሄደበት ያውቀዋል።

የገዛሁት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካሉት የንዋያተ ቅድሳት ሱቆች ከአንዱ ነው። 300 ብር ብለውኝ ተከራክሬ በ280 ወሰድኩት። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ነው። መጀመሪያ የዘወትር ጸሎት አለ፤ ቀጥሎ የሰባቱ ቀን ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ አንቀጸ ብርሃንና ይዌድስዋ መላእክት፣ መጨረሻ ላይ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ። ሽፋኑ ዚፕ አለው። ሻጩ «ንጹሕ ቆዳ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። አይደለም። ጠርዙ ሲላጥ ከሥሩ ጨርቅ ወጣ።

ውዳሴ ማርያም የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ድርሰት እንደሆነና ከሰኞ እስከ እሑድ ለየቀኑ እንደተከፈለ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ያውቃል። የአከፋፈሉ ጥቅም በደንብ የገባኝ ግን መሪ ከያዝኩ በኋላ ነው። የኛ ሥራ ነገ የሚባል ነገር የለውም። ጭነቱ ዛሬ ይወጣል ይሉሃል፤ ወደብ ላይ ተራ ስትጠብቅ ታድራለህ። ሚሌ ገብቼ አድራለሁ ስትል ጎማ ይፈነዳና ገዋኔ ላይ ትቀራለህ። ባለቤቴ ደውላ «መቼ ትገባለህ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» የምላት ለወጉ አይደለም፣ የምሬን ነው። እንዲህ ላለ ኑሮ በወር ይህን፣ በዓመት ያን ጨርስ የሚል የንባብ ፕሮግራም አይሆንም። ይሄ መጽሐፍ የሚጠይቅህ የቀኑን ብቻ ነው። ሰኞ ከሆነ የሰኞን ታደርሳለህ፤ በቃ። ማክሰኞ የራሱ ቦታ አለው።

ሳላደርስ ያለፈኝስ? አንዴ የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። ማክሰኞ ቢያመልጠኝ ረቡዕ ላይ የሁለቱን ላድርስ ወይ አልኳቸው። «ልጄ፣ ጸሎት እንደ ሱቅ ዱቤ አይጠራቀምም። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የረቡዕን አድርስ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የመጽሐፉ አከፋፈል ይበልጥ ተስማምቶኛል። ጌታም ቢሆን ለምኑ ያለን የዕለት እንጀራ እንጂ የወር አስቤዛ አይደለም። «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» የሚለውን ቃሉን ደግሞ የጭነት መኪና ሾፌር ካልመሰከረለት ማን ይመሰክርለታል?

ሐሙስን ለብቻው ላንሳው። ሙሴ ያያት፣ እሳት እየነደደባት ያልተቃጠለችው ቁጥቋጦ የምትነሣው በሐሙሱ ውዳሴ ነው። ሎግያን አልፈህ፣ በቀትር፣ እሾሃም ዛፍ ሥር ቆመህ ይህን ስታነብ ትርጓሜ አያስፈልግህም። አየሩ ራሱ ይነድዳል።

የአንዱ ቀን ንባብ ረጅም አይደለም። ጎማው እስኪበርድ ያልቃል። ረዳቴ ሙስሊም ነው፤ ዙህር ሲደርስ ጥላ ፈልገን እንቆማለን። እሱ ምንጣፉን ዘርግቶ ይሰግዳል፣ እኔ ዚፔን ከፍቼ አደርሳለሁ። ዘግይቼ ስጨርስ «ዛሬ በዛብህ እንዴ?» ይለኛል።

ወንድሜ «ስልክ ላይ በነፃ እያለልህ ለምን ወረቀት ትሸከማለህ?» ይላል። በዚያ ፀሐይ የስልክ ስክሪን ማን ያነባል? በዚያ ላይ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለህ ሳትጨርስ ደላላ ይደውላል። ወረቀቱ አይደወልለትም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ትልቁ ጥራዙ ነው። ገጾቹ የተያዙት በማጣበቂያ ብቻ ነው። የአፋር ሙቀት ማጣበቂያውን አላላውና ዓርብና ቅዳሜ ከነገጻቸው ተገንጥለው ወጡ። አሁን ቅዳሜን በላስቲክ አስሬ ነው የምዞረው። ለቤት ቢሆን ምንም አይል ይሆናል፤ ለመንገደኛ ግን ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ሌላው የፊደሉ መጠን ነው። ግዕዙ ደህና ነው። አማርኛው ግን ደቃቅ ስለሆነ በጋቢና መብራት አይነበብም። የቀኑ ስም ደግሞ ንባቡ የሚጀምርበት ገጽ ላይ ብቻ ነው ያለው። ድንገት መሐል ላይ ስትከፍተው ረቡዕ ይሁን ሐሙስ ለማወቅ ወደ ኋላ መግለጥ አለብህ። በየገጹ አናት ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት? መጽሐፉ በቀን በቀን የተከፈለ አይደል እንዴ! ምልክት ማድረጊያ ክሩም አንድ ነው። ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለዘወትር ጸሎቱ፣ አንዱ ለዕለቱ። እኔ የጆንያ ሲባጎ ጨምሬበታለሁ፣ ሲያዩት ያስጠላል ግን ይሠራል። የፊደል ግድፈትም አልጠፋም፣ በተለይ መልክአ ኢየሱስ ላይ። ዚፑ እስካሁን ጥሩ ነው፤ አቧራ ሲይዘው ሻማ እቀባዋለሁ።

በጠቅላላ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን ያስቀነሰው ማተሚያ ቤቱ ነው፣ ጸሎቱ ላይ ነጥብ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ መሐሉን ገልጣችሁ እዩ። በክር የተሰፋ ከሆነ ክሩ ይታያል። የተሰፋው ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን እሱን ውሰዱ። ሻጩ «አንድ ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ቡናማና ጥቁር ሽፋን ያለው አለ፣ ነጭም አለ። ነጩ ለክርስትና ስጦታ ያምራል። ናፍጣ የሚነካ እጅ ያለው ሰው ግን ጥቁሩን ይያዝ።