የዘጠኝ ወር ክትባት፦ ጥያቄዬን ሳይቆጡ የመለሱልኝ ክፍል

ልጃችን ባለፈው ወር ዘጠኝ ወር ሞላት። ካርዷ ላይ ተራው የኩፍኝ ነበር። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱን ያስከተበቻት ባለቤቴ ናት። ለዚህኛው ግን እግሯ አልነሳ አለ። ዘመዷ ከዱባይ በቴሌግራም ቪዲዮ ልካላት ነበር። ክትባት ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ አሉሚኒየም አለ፣ ልጅ አፉን እንዳይፈታ ያደርጋል ይላል። ይሄ የመጣው ልጃችን «ባባ» ማለት በጀመረች ሳምንት ነው። ባለቤቴ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። እኔም ፈርቼ ነበር።

መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ሳያስጨርሰኝ «ዩቲዩብ ላይ መዋል ተው» ብሎኝ ወደ ስልኩ ዞረ። ከነፍርሃቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ነው ሰፈራችን ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሄድኩት። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ደረስኩ። ከእኛ ሌላ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ሲስተሯ «አባት፣ የኩፍኝ ሐሙስ ነው፤ ዛሬ አንከፍትም» አለችኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ተናደድኩ። ድምፄንም ከፍ አደረግኩ።

ሐሙስ ኮሪደሩ ሞልቶ ጠበቀኝ። ከወላጆቹ መሃል ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። አግዳሚው አንድ ነው። አራስ ልጅ የታቀፈች እናት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ይህ መስተካከል አለበት። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ ያቺው ሲስተር ናት። የልጄን ክብደት ለካች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። እኔም ትንሽ እያፈርኩ ስለ ሜርኩሪው ጠየቅኳት።

አልተቆጣችም። ከማቀዝቀዣ ሣጥኑ አንዲት ብልቃጥ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችልኝ። የአውራ ጣት ጫፍ ታህላለች። ከሥሯ ነጭ ደረቅ ነገር ተጣብቋል። ክዳኗ ላይ ሐምራዊ ክብ አለ፤ መሃሉ ላይ ነጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን። «ክትባቱ ሙቀት ካገኘው ይቺ መሃሏ እየጠቆረች ትሄዳለች። ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች እንጥለዋለን። ይዩት፣ አሁን ነጭ ናት» አለችኝ። ልጅ ሲከተብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ይህን ግን ያሳየኝ አልነበረም።

ቀጥላ ስለ ሜርኩሪው ነገረችኝ። የኩፍኝ ክትባት ተዳክሞ የተዘጋጀ፣ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ቲዮመርሳል የሚባለው ሜርኩሪ ያለበት ማቆያ ቢጨመርበት ክትባቱ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ የለበትም። ማቆያ ስለሌለው ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። አንዷ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ናት። «ሰኞ ለእናንተ ለሦስታችሁ ብከፍት የሰባት ልጅ እደፋ ነበር» አለችኝ። ለካ ሰኞ ያናደደኝ ነገር የመጣው የፈራሁት ነገር ስለሌለበት ነው! ይቅርታ ጠየቅኳት።

ፔንታስ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቷ የወሰደችው አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት? አልኳት። እሱ ላይ አልደበቀችኝም። ለብዙ ልጅ በሚሆነው ብልቃጥ ውስጥ ቲዮመርሳል ይኖራል፤ መርፌ ደጋግሞ ሲገባበት ጀርም እንዳያፈራ ነው። በውስጡ ያለው ኢቲል ሜርኩሪ ይባላል። አሣ ውስጥ ከሚከማቸው ከሜቲል ሜርኩሪ ይለያል፤ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። አሉሚኒየሙም የሰውነትን መከላከያ ለማንቃት ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባ ጨው ነው። በመጠኑ በእናት ጡት ወተት ውስጥም አለ።

ማታ ራሴም አነበብኩ። ዴንማርክ ቲዮመርሳልን ከልጆች ክትባት ያወጣችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የኦቲዝም (የልጅን ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት የሚነካው የአእምሮ እድገት ልዩነት) ቁጥር ግን ከዚያም በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬ በዓለም ያሰራጨው የእንግሊዛዊው ሐኪም የዌክፊልድ ጽሑፍ በ1998 ሲወጣ የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። ያሳተመው መጽሔት፣ ላንሴት፣ በ2010 ሰረዘው። ሰውየውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2019 ደግሞ ከ650,000 በላይ የዴንማርክ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ኩፍኝን የሚከላከለውን ክትባት የወሰዱት ካልወሰዱት በላይ ለኦቲዝም እንዳልተጋለጡ አሳየ።

የኦቲዝም ምልክት ጎልቶ የሚታየው ልጅ አፉን በሚፈታበት ዕድሜ ነው። ክትባቱም በዚያው ሰሞን ነው። ወላጅ ሁለቱን ቢያያይዝ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። እኛ ሕንፃ ላይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ። እናቱን ድሮ «እርግማን ነው» ይሏት ነበር። አሁን «ምን አስወግተሽው ነው?» ይሏታል። ያኔም አሁንም ጥፋተኛ የሚያደርጉት እሷን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። ቤት ውስጥ የተደበቁ ልጆችን ለማውጣት ስንት ደከሙ።

አገልግሎቱ በነፃ ነው። አንድ ቅሬታዬ ከክትባቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ፊደሉም ደቃቅ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ በአማርኛ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ስንቱ እናት እፎይ ባለ። ለምትሄዱ፣ የኩፍኝ ቀን መቼ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሲስተሯ «ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ወይ ቀላል ሽፍታ ቢመጣ አትደንግጡ» ብላን ነበር። በስምንተኛው ቀን አተኮሳት። በማግስቱ ለቀቃት። ሁለተኛው ዙር በ15 ወሯ ነው፤ ቀኑ ካርዷ ላይ ተጽፏል። ያን ቀን ባለቤቴ ናት የምትወስዳት። ጥያቄዎቿን ከአሁኑ ስልኳ ላይ ጽፋ ይዛለች።