ሱሉልታ ላለው መካኒካችን ምስጋና፣ ኳድ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ኳድ የሚባለውን ባለ አራት ጎማ ሞተር ለእርሻና ለከብት ሥራ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ በተለይ ከእንጦጦ ወዲያ ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ሱሉልታ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ አለ። እጁ ይባረክ!

የእኛ ኳድ ድርቆሽ ይጎትታል፣ ወተት ያመላልሳል። ክረምት ላይ በዚያ ዋልካ ጭቃ ያለ እሱ መንቀሳቀስ አይታሰብም። ትልልቅ ጎማ ከተገጠመለት በኋላ ግን ዳገት ላይ ይታፈን ጀመር። የተቃጠለ ጎማም ይሸት ነበር። ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ «ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» አለን። ያ ማለት ስንት ብር እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይሄ ልጅ መጀመሪያ የፈታው የጎኑን ክዳን ብቻ ነው። ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን ቀበቶ፣ አውጥቶ አሳየኝ። ጎንና ጎኑ ተንሸራቶ እንደ መስታወት አብለጭልጯል። «ጋሼ፣ ሞተርዎ ጤነኛ ነው። ጉልበቱ ጎማው ጋ አልደረሰም እንጂ» አለኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ ኳድ ማርሹን የሚቀያይረው ራሱ ነው። ቺንጋው የሚዞርበት የፊት ለፊቱ ፑሊ ውስጥ ሮለር የሚባሉ ትናንሽ ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ፑሊው ይጠባል፣ ቺንጋውም ወደ ጠርዙ ይወጣል። ሮለሩ ከበድ ካለ ቶሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይሄድና ሞተሩን ያፍነዋል። እኛ ያለነው ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ እዚህ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ፋብሪካው የገጠመው ሮለር ለዚህ ቦታ አልተሠራም። ትልቁ ጎማ ሲጨመርበት ደግሞ ባሰበት።

በሰው እጅ ከውጭ ያስመጣነው የፍሪሲዮን ኪት (የፑሊዎቹ መለዋወጫ ዕቃ) የተለያየ ክብደት ያላቸው ሮለሮችና ጠንከር ያለ የኋላ ሞላ ነበረው። መመሪያው ከፍታን የሚናገረው በጫማ ነው። ልጁ ሜትሩን ወደ ጫማ ቀይሮ ከ8,000 በላይ ባለው መስመር ቀለል ያለውን መረጠ። ከዚያ የወርቅ ሚዛን አውጥቶ ሮለሮቹን አንድ በአንድ መዘነ። እኩል ካልሆኑ ይንቀጠቀጣል አለኝ። ኪት ውስጥ የመጣ ዕቃ እንዲህ ሲመዝን ያየሁት ሰው የለም።

ፑሊውን በመዶሻ አልነካውም፤ በመንቀያው ነው ያወጣው። ፊቱን በአልኮልና በንጹህ ጨርቅ ጠረገው። ረዳቱን እጁን በሳሙና ሳያስታጥብ አዲሱን ቺንጋ አላስነካውም፤ ቅባት ከነካው ይንሸራተታል። ብሎኖቹንም በግምት አላጠበቀም፣ በቶርክ መፍቻ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን ፍተሻው ነው። ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ፑሊው ላይ ከመሀል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር አሰመረ። ከዚያ ነድቶት መጣና እንደገና ከፈተው። ቺንጋው መስመሩን እስከ ጠርዙ ድረስ ጠርጎታል። «ይኸው፣ ሙሉውን እየሄደ ነው» አለ። የክዳኑን ጎሚኒም በዚያው አየልኝ። ውሃ ከገባ ቺንጋው ስለሚንሸራተት ለክረምት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዳገቱን ድርቆሽ ጭኖ ሳይታፈን ይወጣል። ሽታውም ጠፍቷል። ቁልቁለት ላይም ቶሎ አይለቅም፣ ያዝ ያደርጋል።

ዋጋውን ሳይጀምር ነገረኝ፣ ሲጨርስም ያው ነበር። አሮጌውን ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርጎ መለሰልኝ። ስሄድም መክሮኛል። አዲስ ቺንጋ የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ረጋ ተብሎ ይነዳ። ጭነት ሲኖርና ዳገት ሲሆን ደግሞ ሁልጊዜ በእጅ በሚመረጠው ዝቅተኛ ማርሽ ይሁን። በከፍተኛው ቀስ እያሉ መጎተት ቺንጋ ያቃጥላል።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያንን ሁሉ ወጪ አድነኸናል፣ ዕድሜህ ይርዘም።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ብቻውን ከአንድ ረዳት ጋር ስለሚሠራ ቀጠሮ ያዙ። ኪት ልታስመጡ ያሰባችሁም ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉለት። የጎማችሁን መጠንና የምትነዱበትን ቦታ ጠይቆ የትኛውን እንደምታዝዙ ይነግራችኋል።