«31 በመቶ» የተባለው ዕድል፦ በአዳማ የአንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ ግምገማ

ባለፈው ጥቅምት ወር የእህቴን ልጅ ይዤ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ ሄጄ ነበር። ቢሮው ሁለት አገልግሎቶችን ለየብቻ ይሸጣል። አንደኛው በኮምፒውተር የሚሠራ «የመግቢያ ዕድል ግምት» ሲሆን 2,500 ብር ይከፈልበታል፤ ሁለተኛው ከአማካሪ ጋር የሚደረግ የአንድ ሰዓት ተኩል ውይይት ሲሆን ዋጋው 1,200 ብር ነው። ሁለቱንም ገዝተናል። ነገሩ ከአንድ ቢሮ የሚያልፍ ስለሆነ ስሙን ትቼዋለሁ።

ለግምቱ የተሞላው ቅጽ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የትምህርት ውጤት፣ የክፍል ደረጃን፣ የኤስኤቲ (ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ የሚወሰድ ፈተና) ነጥብን፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትንና የክበባት ተሳትፎን ይጠይቃል። ልጅቷ በትምህርት ቤቷ ከአንደኛና ከሁለተኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም፤ ኤስኤቲዋ ከ1600 1430 ነው፤ በሚኒ ሚዲያም ሦስት ዓመት ሠርታለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በባለ ቀለም ወረቀት ታትሞ የተሰጠን ሪፖርት የአሥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስም ከነመቶኛቸው የያዘ ሲሆን፣ ለሃርቫርድ የተጻፈው 31 በመቶ ነበር።

ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ትምህርት ለመጀመር ካመለከቱት 54,008 ተማሪዎች የተቀበለው 1,937ቱን ብቻ ነው፤ ይህም ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከገቡት ተማሪዎች መካከል የኤስኤቲ ውጤታቸውን ካቀረቡት ሦስት አራተኛው ያህሉ 1500 እና ከዚያ በላይ ያመጡ ናቸው። የእኛ ልጅ 1430 ጎበዝ የሚያሰኝ ውጤት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ከአማካዩ አመልካች ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ዕድል የሚያሰጥ ማስረጃ በቅጹ ላይ ከተሞላው ውስጥ አንድም አላገኘሁም።

የሪፖርቱ የመጨረሻ መስመር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በአሥሩም ዘንድ ያለመግባት ዕድሎችን አባዝቶ ውጤቱን ከመቶ በመቀነስ «ቢያንስ በአንዱ የመግባት ዕድል 97 በመቶ» ይላል። የሒሳቡ አሠራር በራሱ ስሕተት የለበትም፤ እያንዳንዱ ዕድል 30 በመቶ ያህል ከሆነና አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ወደ 97 ይደርሳል። ለእያንዳንዱ 4 በመቶ ብናደርገው ግን ያው ስሌት 34 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ያም ቢሆን የተጋነነ ነው፤ ምክንያቱም ለአሥሩም የሚላከው ያው ትራንስክሪፕት፣ ያው ድርሰትና ያው የመምህር ደብዳቤ ስለሆነ፣ በአንዱ ዘንድ ያስጣላት ድክመት በሌላውም ዘንድ አብሯት ይሄዳል። ለቢሮው ባለቤት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረብኩ፦ «እስካሁን 30 በመቶ ካላችኋቸው ልጆች ስንቱ ገባ?» ግምቱ እውነተኛ ከሆነ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ መግባት ነበረባቸው። «ጋሼ፣ ይህ የሲስተሙ ስሌት ነው፤ እኛ መዝገብ አንይዝም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። እኔ በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝና ከዚህ በኋላ ስለ ግምቱ የምጠይቀው አልነበረኝም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ገዢ የሚያገኘው እኛ ወላጆች ያደግንበት ልማድ ስለሚያመቸው ይመስለኛል። በአገራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት የነጥብ ጉዳይ ነው፤ ነጥቡ ደረሰ ወይም አልደረሰም፣ ቀሪው የምደባ ሥራ ነው። እዚሁ ከተማችን ያለው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የመግቢያ ፈተና ቢኖረውም፣ እሱም ቢሆን በነጥብ የሚያወዳድር ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር፣ ውድድሩ ቀላል ነው ልል አልችልም፤ ነገር ግን መስመሩ የት እንዳለ ይታወቃል። ሃርቫርድና መሰሎቹ መቁረጫ ነጥብ የላቸውም፤ ሙሉ ውጤት ያመጣ ተማሪ ሊቀር ይችላል። ቢሮው መቁረጫ በሌለበት መቁረጫ ፈልጎ ነው መቶኛ ያተመው።

ሁለተኛው አገልግሎት ግን የተለየ ነበር። አማካሪው ወጣት ሪፖርቱን ገለጥ አድርጎ አየና ወደ ጎን አስቀመጠው፤ ከዚያም ቅጹ ጨርሶ ያልጠየቀውን በመጀመሪያ ጠየቀ፦ ቤተሰቡ በዓመት ስንት ዶላር መክፈል ይችላል? መልሳችን ምንም የሚል ነበር። የሃርቫርድ የአንድ ዓመት ወጪ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። የውጭ አገር አመልካች የገንዘብ ድጋፍ መጠየቁን ከግምት ሳያስገቡ የሚወስኑትና የተቀበሉትን ሙሉ በሙሉ የሚረዱት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ዳርትመዝ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ በአብዛኞቹ ሌሎች ዘንድ ግን ሙሉ ድጋፍ መጠየቅ ራሱ ዕድልን ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ሪፖርቱ «አስተማማኝ» ብሎ ከመደባቸው ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ድጋፍ ስለማይሰጡ ከዝርዝሩ ወጡ። ሪፖርቱ ከመካከላቸው ለአንዱ «ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው፣ ከተቀበሉህ እንድትገባ በሚያስገድደው መንገድ እንድታመለክት መክሮ እንደነበር ሳስብ አሁንም ይገርመኛል፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ጥቅምት 22 ስለነበር የቀረን አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ቀጥሎ «ከትምህርት ቤት መልስ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። እያፈረች የእናቷን የጥራጥሬ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ሁለት ዓመት እንደያዘች ነገረችው። በቅጹ ላይ አልጻፈችውም፤ እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር። አማካሪው ግን ማመልከቻው ለተሳትፎ ከሚሰጣቸው አሥር ቦታዎች አንዱ ለሥራና ለቤተሰብ ኃላፊነትም ሊውል እንደሚችል አሳያት፤ ስለ ድል ቀን ክብረ በዓል የጻፈችውንም ድርሰት ትታ ዱቤ ስለማይመልሱት ደንበኞች እንድትጽፍ ገፋፋት። ዕድሏን በቁጥር እንዲነግረን ብጠይቀው «ለእነዚህ ስድስቱ ዝቅተኛ፣ ለእነዚህ ሁለቱ መጠነኛ፤ ከዚህ አልፌ ብናገር እዋሻለሁ» አለኝ።

ጉድለት አልነበረውም አልልም። ቀጠሯችን አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ፤ የክፍል ኃላፊው መምህር ስለሚጽፈው ደብዳቤም ናሙና እንደሚልክልን ቃል ገብቶ ሁለት ጊዜ ከደወልን በኋላ ነው የላከው። ማመልከቻዎቹ ታኅሣሥ 23 ከመድረሱ በፊት ገብተዋል፤ የአብዛኞቹ መልስ የሚጠበቀው በመጋቢት ነው። ወደ ቢሮው የሚሄድ ሰው የ1,200 ብሩን ውይይት ብቻ ለይቶ መግዛት ይችላል፤ እንግዳ ተቀባይዋ ሁለቱ አብረው ካልሆኑ አይሸጡም ብትልም፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ለየብቻ ነው የሚያሳየው።