ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስ ወይስ ፓወር ቢአይ? ለቢሮ ሠራተኛ የቱ ይቅደም

«ዳታ መማር እፈልጋለሁ፤ በየቱ ልጀምር?» ብለው የሚጠይቁኝ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ በልባቸው የማይክሮሶፍቱን የሪፖርት ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ ፓወር ቢአይን፣ መርጠው ጨርሰዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው የወሩን ሪፖርት አሁን በምን እንደሚሠሩት ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ ኤክሴል ነው፤ ያውም ሒሳቡን በካልኩሌተር ደምረው ውጤቱን ብቻ እየጻፉበት።

ኤክሴል በአንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። የአንድ መካከለኛ ድርጅት የዓመት ሽያጭ ይህን አይሞላም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው አይቆምም። ፒቮት ቴብልን (ብዙ ረድፎችን በየምድባቸው ደምሮ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ) የቻለ ሰው የግማሽ ቀን ድመራን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ከየቅርንጫፉ የሚመጡ ፋይሎችን የሚያጸዳውና የሚያገጣጥመው ፓወር ኵዌሪ ፓወር ቢአይ ውስጥም ስላለ፣ እዚህ የተለማመዳችሁት እዚያም ያገለግላል። ድክመቱ ፋይሉ በኢሜይልና በፍላሽ ሲዞር ይታያል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ ይባዛል።

ይህን ችግር የሚፈታው በኢንተርኔት ላይ የሚሠራው የጉግል ሠንጠረዥ፣ ጉግል ሺትስ፣ ነው። ነፃ ነው፤ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንዱ ሰነድ ላይ ይጽፋሉ። ሆኖም ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ አትመኩበት።

ፓወር ቢአይ ሪፖርት በየሳምንቱ ለሚያቀርብ ቡድን ዋጋ አለው፤ አንዴ የተሠራ ዳሽቦርድ (ቁጥሮችን በግራፍ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሪፖርት) በአዲስ መረጃ ራሱን ያድሳል። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው። ወጪው ሪፖርቱን በኢንተርኔት ለባልደረባ ማጋራት ሲፈለግ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወርሃዊ ክፍያ አለው፣ ያም በዶላር። ብቻውን ለሚሠራ ጀማሪ አልመክረውም።

ሦስቱም እኩል የሚሰናከሉበት ቦታ ግን የእኛው መዝገብ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ስትጽፉ ፕሮግራሙ በፈረንጆች አቆጣጠር ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ወይ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል ወይ ስህተት ይላል። የባሰው መስከረም 5 ነው፦ 5/1/2017 በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሜይ 1 ይሆናል። ጳጉሜንማ አያውቃትም። እኔ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያይቼ እመዘግባለሁ። ስምም እንዲሁ ነው፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ሰው፣ ለፒቮት ቴብል ሁለት ደንበኞች ናቸው።

ስለዚህ ምርጫዬ ኤክሴል ቀድሞ፣ ሪፖርቱ የጋራ ሲሆን ሺትስ፣ ፓወር ቢአይ ከሁለቱ በኋላ ነው። ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት፣ ምዝገባው ክፍት ከሆነ፣ «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» በተባለው የመንግሥት የሥልጠና ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ነፃ የዳታ ሳይንስ ትምህርት ሞክሩት፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። የሚከፈልበት ሥልጠና ከመረጣችሁ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኙን 30/2/2017ን ምን እንደሚያደርገው ጠይቁት።